ጥቁሩ ኦገስት፦ ኮዋላ፣ ባሕር ዛፍና ስድስት መቶ ሺሕ ቆዳ

ጉንፋን ይዞት ባሕር ዛፍ ያልታጠነ ሰው በመካከላችን ያለ አይመስለንም። እናቶቻችን ቅጠሉን በድስት አፍልተው፣ ጋቢ አከናንበው፣ «በደንብ ሳበው እንጂ!» እያሉ ከእንፋሎቱ ጋር ያፋጥጡን ነበር። ዓይን ያስነባል፣ አፍንጫ ይከፍታል፣ ከዚያ በኋላ ሰው ያደርጋል። ዛፉ ግን ይህንን ሽታ ለእኛ ጉንፋን አስቦ አላዘጋጀውም። የሚያመርተው እንዳይበላ ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ዘይትና ሌላው መራራ ኬሚካል ለአብዛኛው እንስሳ መርዝ ነው። ያገኘችውን ሁሉ የምትቀነጥብ ፍየል እንኳ ባሕር ዛፍ ዘንድ ስትደርስ አሽትታ ታልፋለች።

ስሙ እንደሚናገረው ዛፉ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው። አዲስ አበባ ገና አዲስ ሳለች የማገዶ እንጨት እያለቀባት ስለተቸገረች ምኒልክ መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ተነሥተው እንደነበር፣ ከተማዋን በቦታዋ ያቆያትም በ1890ዎቹ የገባው ይኸው ፈጥኖ አዳጊ ዛፍ እንደሆነ ብዙ ተጽፏል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የዛፉ አገር አውስትራሊያ ነው። እኛ ዛፉን ወሰድን፣ በላተኛውን እዚያው ተውነው። የዛሬው ወጋችን ስለዚያ ስለቀረው በላተኛ ነው።

ኮዋላን በፎቶግራፍ የማያውቀው የለም። አመድማ ጸጉር፣ ጉብ ጉብ ያሉ ጆሮዎች፣ ቆዳ የተለበጠበት የሚመስል ሰፊ ጥቁር አፍንጫ። ብዙ ሰው «የኮዋላ ድብ» ይለዋል፤ ድብ አይደለም። እንደ ካንጋሩ ልጁን በከረጢት የሚያሳድግ እንስሳ ነው። የቅርብ ዘመዱም ጉድጓድ ቆፍሮ የሚኖረው ዎምባት ነው። ከመልኩ ቀጥሎ የሚታወቀው በስንፍናው ነው። በቀን እስከ 20 ሰዓት ይተኛል። ሲነቃ ጥቂት ይበላና እንደገና የቅርንጫፍ መንታ ላይ ተወሽቆ ያንቀላፋል። ይህን ያዩ ሰዎች «ቅጠሉ እያሰከረው ነው» የሚል ወሬ ፈጠሩለት፣ ወሬው ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ይዞራል። ውሸት ነው። ኮዋላ አይሰክርም። ኮዋላ የሚተኛው ድሃ ስለሆነ ነው።

ነገሩን በገንዘብ እናስበው። ኮዋላ በቀን ግማሽ ኪሎ ገደማ ቅጠል ይበላል። ቅጠሉ ቃጫና ውኃ የበዛበት፣ ፕሮቲን ያነሰበት ነው። ደመወዙ ይህችው ናት። ከዚህች ላይ ደግሞ ጉበቱ መርዙን ለማክሸፍ ጉልበት ያወጣል፤ ይህ ግብሩ ነው። ከግብር በኋላ የሚተርፈው ለመሮጥም ለመደባደብም አይበቃም። ስለዚህ ኮዋላ ወጪውን ቀነሰ። የሰውነቱ ሞተር በዝግታ ይሠራል። አንጎሉ ጉልበት በላተኛ አካል ነውና እሱንም አሳነሰው፤ ከሰውነቱ ግዝፈት ጋር ሲነጻጸር ከአጥቢ እንስሳት ትንንሽ አንጎሎች ተርታ ይቆጠራል። የቀረውን ቁጠባ በእንቅልፍ ሞላው። በወር ደመወዝ የሚኖር የከተማ ሰው ይህን ስሌት ለመረዳት ብዙ ማብራሪያ የሚያስፈልገው አይመስለንም።

ሳይንቲስቶች የኮዋላን ሙሉ የዘረ መል ካርታ በ2018 አሳተሙ። ከተገኙት ነገሮች አንዱ መርዝ የሚያከሽፉ ኢንዛይሞችን የሚሠሩት ጂኖች በኮዋላ ዘንድ ተባዝተው መገኘታቸው ነው። ምሬትን የሚለዩት የጣዕም ጂኖችም እንዲሁ። ኮዋላ ቅጠሉን ከመጉረሱ በፊት የሚያሸተው ለወግ አይደለም፤ ሒሳብ እያወራረደ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ወደ 700 የሚጠጉ የባሕር ዛፍ ዓይነቶች ሲኖሩ ኮዋላ የሚበላው ጥቂት ደርዘኖቹን ብቻ ነው። በአንድ አካባቢ ደግሞ አራት አምስት ዓይነት ላይ ይወሰናል። ከአንድ ዓይነት ዛፍ እንኳ አንዱን በልቶ ከጎኑ የቆመውን ሊተወው ይችላል፤ የመርዙ መጠን ከዛፍ ዛፍ ይለያያልና። እኛ አገር ቀይ ባሕር ዛፍና ነጭ ባሕር ዛፍ የምንላቸው ሁለቱም በኮዋላ የምግብ ዝርዝር ውስጥ አሉ። እንጦጦ ቢመጣ በረሃብ አይሞትም ማለት ነው። (አይምጣ። ምክንያቱን ወደ ኋላ ላይ ታዩታላችሁ።)

ሆዱ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓለም አለ። ትንሹና ትልቁ አንጀት የሚገናኙበት ቦታ ላይ ሁሉም አጥቢ ሊባል በሚችል ደረጃ አንድ ከረጢት መሰል አንጀት አለው፤ የሰው አጭር ነው፣ የኮዋላ ግን እስከ ሁለት ሜትር ይረዝማል። እዚያ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ቅጠሉን አብላልተው ለኮዋላው የሚጠቅም ነገር ያደርጉታል። ያለ እነሱ የባሕር ዛፍ ቅጠል ለኮዋላም ገለባ ነው። ጥያቄው ግልገሉ ባክቴሪያዎቹን ከየት ያገኛቸዋል የሚል ነው።

የኮዋላ ግልገል የሚወለደው ከ35 ቀን ገደማ እርግዝና በኋላ ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህላል፣ አንድ ግራም አይሞላም፣ ዓይን የለውም፣ ጸጉር የለውም። ያቺ ፍጥረት በራሷ ጉልበት የእናቷን ጸጉር እየቧጠጠች ከረጢቱ ውስጥ ትገባለች፣ ጡት ትይዛለች፣ ስድስት ወር ያህል እዚያ ትቀመጣለች። ከዚያ ጭንቅላቷን ብቅ ስታደርግ እናትየዋ ከዚያ ረጅም አንጀት የሚወጣ፣ ከተለመደው ኩስ የተለየ ለስላሳ ነገር ታስወጣለች፣ ግልገሏም ትበላዋለች። ምግብ ላይ ሆናችሁ የምታነቡ ካላችሁ ይቅርታ። ነገር ግን የእናቲቱ ባክቴሪያ ወደ ልጅ የሚተላለፈው በዚህ መንገድ ነው። ልጅ ከእናቷ የምትወርሰው እንግዲህ ጡትና ጀርባ ብቻ አይደለም፤ እናቲቱ የምትበላውን ዛፍ መብላት የሚያስችላትን ሆድም ነው። ይህችን ነገር ያዙልን፣ እንመለስባታለን።

ስለ ኮዋላ ተነግሮ የማያልቅ ጉድ አለ፣ ጥቂቱን ብቻ። የጣቱ አሻራ ከሰው አሻራ ጋር እጅግ ይመሳሰላል። ወንዱ በጥንድ ወቅት የሚያሰማው ጩኸት ከአሥር ኪሎ እንስሳ የሚወጣ አይመስልም፣ የዝሆን ጉሮሮ ያለው ነው የሚመስለው፤ በ2013 የወጣ ጥናት ለዚህ ድምፅ ብቻ የተሠራ ተጨማሪ የድምፅ ጅማት ጉሮሮው ላይ እንዳለው አሳይቷል። ዛፍ ማቀፉም ለፍቅር አይደለም። በበጋ ሙቀት የዛፉ ግንድ ከአየሩ ይበርዳልና ሆዱን ለጥፎበት ይቀዘቅዛል፤ ይህ በ2014 በሙቀት ካሜራ ተለክቶ ታየ። «ውኃ አይጠጣም» የሚለው የቆየ ወሬም በ2020 ተሰበረ፦ ዝናብ ሲዘንብ በግንዱ ላይ የሚወርደውን ውኃ ይልሳል። እስከዚያ ድረስ ሰው ያላየው በዝናብ ወጥቶ ዛፍ ላይ የሚያፈጥ ሰው ስላልነበረ ይሆናል።

አሁን ወደ ታሪኩ።

እንግሊዞች ሲድኒ ላይ የሰፈሩት በ1788 ነው። ኮዋላ በጽሑፍ የተጠቀሰው ግን ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1798 ነው፤ ጆን ፕራይስ የተባለ የአገረ ገዢው አገልጋይ በጉዞ ማስታወሻው ላይ ነዋሪዎቹ «ከላዋይን» የሚሉት፣ የአሜሪካውን ስሎዝ የሚመስል እንስሳ እንዳለ ጻፈ። ስሎዝ ማለት በዝግታው የታወቀ፣ ዛፍ ላይ የሚንጠለጠል እንስሳ ነው። የኮዋላ ስም ማጥፋት የጀመረው እንግዲህ ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ነው ማለት ይቻላል። በ1802 ፍራንሲስ ባራሊየር የተባለ መኮንን ከነዋሪዎቹ የኮዋላ እግሮችን አገኘና ብራንዲ በሞላበት ጠርሙስ ዘፍዝፎ ለአገረ ገዢው ላከ። በ1803 ሕያው ኮዋላ ሲድኒ ደረሰ። ከዚያ ፈረንሳዊው ብላንቪል በ1816፣ ጀርመናዊው ጎልድፉስ በ1817 ሳይንሳዊ ስም ሰጡት፤ ሁለቱ ስሞች ሲገጣጠሙ «አመድማ ከረጢታም ድብ» እንደማለት ነው። ድብነቱ እስካሁን አልለቀቀውም።

እኛን የገረመን ያ የአሥር ዓመት ክፍተት ነው። ከሲድኒ ብዙም ሳይርቅ የሚኖር፣ የማይሮጥ፣ የማይደበቅ እንስሳ አሥር ዓመት ሙሉ እንዴት ሳይታይ ቀረ? ብዙ ተመራማሪዎች የሚሰጡት ማብራሪያ ቀላልም ከባድም ነው፦ ጥቂት ስለነበረ። የአገሩ ነባር ሕዝቦች ኮዋላን ከሺሕ ዓመታት ጀምሮ እያደኑ ይበሉት ነበር። ከዛፍ የማይሸሽ እንስሳ ለማደን አያስቸግርም። በ1789 ሲድኒ አካባቢ የገባው ፈንጣጣ ሕዝቡን ፈጀው፣ የተረፈውን ደግሞ ሰፋሪው መሬቱን እየነጠቀ አባረረው፣ ገደለው። አዳኙ ሲጠፋ ታዳኙ በዛ። በ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ኮዋላ በየዛፉ ላይ የሚታይ ሆነ። ነጮቹ «አገሩ የኮዋላ አገር ነው» ብለው የመሰከሩለት ብዛት፣ ይህ ማብራሪያ ትክክል ከሆነ፣ ሰዎቹ ከመጥፋታቸው የተነሣ የመጣ ብዛት ነበር። ኮዋላ የአውስትራሊያ መለያ ሆኖ ሲሳል ይህ የታሪኩ ክፍል አብሮ ሲሳል አናይም።

ብዛቱ ነጋዴ ጠራ። የኮዋላ ጸጉር ወፍራምና ዝናብ የማያስገባ ነው። ለኮፍያ፣ ለጓንት፣ ለካፖርት ገበር ይሆናል። ከ1880ዎቹ ጀምሮ ቆዳው በመቶ ሺሕዎች እየታሰረ ወደ ለንደንና ወደ አሜሪካ ተጫነ፤ ብዙ ጊዜም የሚሸጠው በራሱ ስም አልነበረም፣ «ዎምባት» እየተባለ ነበር። ለብሳ የምትወጣው ሴትዮ ምን እንደለበሰች ባታውቅ አይፈረድባትም። አደኑ በጠመንጃ፣ በገመድ ወጥመድ፣ በሲያናይድ መርዝ ነበር። ያ በቁጠባ የተሠራ አካል እዚህ ላይ ጉድ ሠራው። ለመሮጥ የሚሆን ጉልበት የለውም፣ የሚያውቀው መከላከያ ዛፉን አጥብቆ መያዝ ብቻ ነው። ተመትቶም ቢሆን ቅርንጫፉን አይለቅም። የቆሰለ ኮዋላ እንደ ሕፃን ያለቅሳል ብለው የተናገሩት ተቆርቋሪዎች ብቻ ሳይሆኑ ያደኑት ሰዎች ራሳቸው ናቸው።

የደቡቡ ግዛቶች ኮዋላ ሲያልቅባቸው የጥበቃ ሕግ አወጡ። እስከዚያ ግን ደቡብ አውስትራሊያ ላይ ሊጠፋ ተቃርቦ ነበር፣ ኋላም ጠፋ። ቪክቶሪያ ላይ ጥቂት መቶዎች ወይም አንድ ሺሕ ገደማ ብቻ እንደቀሩ ይገመት ነበር። በብዛት የቀረው በሰሜን፣ ኩዊንስላንድ ላይ ነበር። እዚያም አደኑ የሚፈቀደው በየጊዜው በሚታወጅ «ክፍት ወቅት» ነው። በ1919 ለስድስት ወር ተከፈተ፤ ወደ አንድ ሚሊዮን ኮዋላ ተገደለ። ከዚያ ተዘጋ።

1927 መጣ። ኩዊንስላንድ በድርቅ ተመትታለች፣ ገጠሩ ሥራ አጥቷል፣ በሥልጣን ላይ ያለው የሌበር ፓርቲ ደግሞ የሠራተኛውና የድሃው ፓርቲ ነኝ ባይ ነው። ለሥራ አጡ የሚሰጠው ገንዘብ አልነበረውም። ያለው ኮዋላ ነበር። የኦገስት ወር በሙሉ አደን ክፍት ይሁን ተባለ። መንግሥት ከፈቃዱም ከቆዳውም ክፍያ ይሰበስባል፣ አጥማጁ ቆዳውን ሸጦ ቤቱን ያስተዳድራል፣ በጀቱ አይነካም። ከ10,000 በላይ ሰዎች ፈቃድ አወጡ።

ተቃውሞው ከወሩ በፊት ጀምሮ ነበር፣ ያኔ ለአንድ የዱር እንስሳ ያልተለመደ ተቃውሞ ነው። የተፈጥሮ ተመራማሪዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የሴቶች ማኅበራት፣ መምህራን፣ ተራ አንባቢዎች በጋዜጦች ላይ ጻፉ። «ምንም የማይጎዳ፣ ማንንም የማይነካ» የሚለው ቃል በየደብዳቤው ይመላለሳል። መንግሥት አልሰማም። ወሩ ሲያልቅ ወደ 600,000 የሚጠጋ ቆዳ ተቆጠረ። ቆጠራው የቆዳ እንጂ የነፍስ አልነበረም፤ ቆስለው ዛፍ ላይ የቀሩት፣ እናታቸው ስትወድቅ ከከረጢት የተጣሉት ግልገሎች በመዝገቡ የሉም። አውስትራሊያውያን ያንን ወር «ጥቁሩ ኦገስት» ብለው ያስታውሱታል።

እዚህ ላይ በመካከላችን ክርክር ነበር። ከእኛ አንዱ «አጥማጁን አትርሱት» አለ፤ ልጆቹ የሚበሉት ያጣ ሰው አንድ ቆዳ ይዞ ገበያ ቢወጣ ከእኛ ማን ይፈርድበታል? ልክ ነው። ግን 600,000 ያደረገው የአንድ ሰው ረሃብ አይደለም። ረሃቡን በሌላ ነገር ሲከፍል የኖረ መንግሥትና ባሕር ማዶ ያለ የፋሽን ገበያ ናቸው። ለአጥማጁም ቢሆን የአንድ ወር ሥራ ነበር፤ ሴፕቴምበር ላይ ተመልሶ ሥራ አጥ ነው፣ የሚታደነው ግን ከዚያ በኋላ አልነበረም። ክርክራችን እዚህ ላይ ቆመ፣ ሙሉ በሙሉ አልተስማማንም።

ከጥቁሩ ኦገስት በኋላ ኩዊንስላንድ ላይ የኮዋላ ክፍት ወቅት ዳግመኛ አልታወጀም። በ1930ዎቹ መጨረሻ በሁሉም ግዛቶች በሕግ የተጠበቀ ሆነ። በ1933 ብሊንኪ ቢል የተባለ ባለጌ የኮዋላ ልጅ በልጆች መጽሐፍ ወጣ፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቆዳው ይሸጥ የነበረው እንስሳ የልጆች መኝታ ጓደኛ ሆነ። እንዲያውም ብሪዝበን ዳርቻ ላይ ሎን ፓይን የተባለው የኮዋላ መጠለያ ጃክና ጂል በተባሉ ሁለት ኮዋላዎች የተከፈተው በዚያው በ1927 ነው። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ግዛት፣ 600,000 ተገድሎ ሁለት ተጠለለ።

ብዙ ጽሑፎች ታሪኩን እዚህ ላይ በድል ይዘጉታል። እኛ ደግሞ ዋናው ነገር ከዚህ የሚጀምር ይመስለናል፤ ምክንያቱም የ1927ቱ ቁጣ ያዳነው ቆዳውን ነው። ዛፉን ማንም አላሰበውም።

ደቡቡን እንይ። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጥቂት ኮዋላዎች ቪክቶሪያ ባሕር ዳርቻ ያለችው ፍሬንች ደሴት ላይ ተወስደው ነበር። እዚያ አዳኝም በሽታም አላገኛቸውምና ተራቡ፣ ማለትም እስኪራቡ ድረስ ተባዙ፤ የሚበሉትን ዛፍ ላጡት። ከ1923 ጀምሮ መንግሥት እየያዘ ወደ ዋናው ምድር መለሳቸው፣ በአሥርት ዓመታት ውስጥ በሺሕዎች። ዛሬ ቪክቶሪያ ላይ ያለው ኮዋላ አብዛኛው የእነዚያ የጥቂቶቹ ዘር ነው። ዘራቸው የጠበበ ነው፣ አንዳንዱ ወንድ በአንድ ቆለጥ የሚወለደውም ከዚሁ የዘር መጥበብ ጋር ይያያዛል። ከእነሱ 18ቱ ደግሞ በ1920ዎቹ ወደ ካንጋሩ ደሴት ተወሰዱ። ኮዋላ ከዚያ በፊት ያልኖረባት ደሴት ናት። እነዚያ 18 በ2001 ወደ 27,000 ሆነው ተገመቱ። ዛፎቹ ራቁታቸውን ቀሩ። ባለሙያዎች በጥይት ይቀነሱ ሲሉ አገር ተነሣ፤ የ1927 ትዝታ ያለበት ሕዝብ ኮዋላ ሲተኮስ ማየት አይፈልግም። ከ1997 ጀምሮ እየተያዙ ማምከኛ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ብዛቱ ግን ወደ 50,000 ደረሰ፣ ከዚያ የ2020 መጀመሪያው የሰደድ እሳት መጥቶ አብዛኛውን ጨረሰው። እንጦጦ አይምጣ ያልነው ለዚህ ነው።

ከዚህ ይልቅ ዝም የተባለው የኬፕ ኦትዌይ ነገር ነው። ቪክቶሪያ ውስጥ ባለው በዚህ አካባቢ ኮዋላዎቹ የሚወዱትን ማና የሚባለውን ባሕር ዛፍ ቅጠሉን በልተው ጨረሱና በረሃብ መውደቅ ጀመሩ። አጠገባቸው ሌላ ዓይነት ባሕር ዛፍ ሞልቶ ነበር። አልበሉትም። ያ ያዙልን ያልነው ነገር ይኸው መጣ፦ ሆዳቸው ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከእናታቸው የወረሷቸው፣ ለማና የተመቹ ናቸው። በ2019 የወጣ ጥናት ይህንን አጠናከረ። ሌላውን ዛፍ ከሚበሉ ኮዋላዎች ኩስ የተዘጋጀ ክኒን ማና ለለመዱት ሲሰጥ የሆዳቸው ባክቴሪያ ተለወጠ፣ አዲሱን ዛፍም ቀስ በቀስ መብላት ጀመሩ። ለኬፕ ኦትዌዮቹ ግን ያኔ ክኒን አልነበረም። በ2013 እና 2014 ውስጥ 686 ኮዋላዎች በመንግሥት ሠራተኞች በመርፌ እንዲያርፉ ተደረገ፣ ሕዝብ የሰማው በ2015 ነው። በ2025 ደግሞ በዚያው በቪክቶሪያ ቡጅ ቢም ብሔራዊ ፓርክ ከተቃጠለ በኋላ ከ700 በላይ ኮዋላዎች ከሄሊኮፕተር ላይ በጥይት ተገደሉ፤ ተቃጥለዋል፣ የሚበሉት የላቸውም፣ በእግር አይደረስባቸውም ተባለ። ምክንያቱ ከ1927 ጋር አይገናኝም። ሥዕሉ ግን ይገናኛል፦ ዛፍ ላይ የተቀመጠ ኮዋላና ወደ ላይ ሳይሆን በዚህ ጊዜ ወደ ታች የሚያነጣጥር ጠመንጃ።

ሰሜኑ ግልባጩ ነው። ኩዊንስላንድና ኒው ሳውዝ ዌልስ ላይ ችግሩ ብዛት ሳይሆን ማለቅ ነው። የሰውም የኮዋላም ምርጫ አንድ ሆነ፤ ለም አፈር ያለው የባሕር ዳርቻ ሜዳ ለቤት ሠሪም ለባሕር ዛፍም ይመቻል። ጫካው እየተቆረጠ ግጦሽ ሆነ፣ ሰፈር ሆነ፣ አውራ ጎዳና ሆነ። ኮዋላው ከዛፍ ወደ ዛፍ ለመሄድ መሬት መውረድ አለበት፣ መሬት ሲወርድ መኪናና ውሻ ያገኘዋል። በሕግ የተጠበቀ እንስሳ ነው፣ ማንም ሆን ብሎ አይገድለውም። ዛፉ ይቆረጣል እንጂ።

በዚህ ላይ ክላሚዲያ አለ። የኮዋላ ክላሚዲያ ዓይን ያሳውራል፣ ያመክናል፣ ይገድላል፤ አንዳንድ አካባቢ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ኮዋላ የተያዘበት ነው። በአንቲባዮቲክ ይታከማል፣ ግን አንቲባዮቲክ ባክቴሪያን ከባክቴሪያ አይለይም። በሽታውን ሲገድል ሆድ ውስጥ ያሉትን የቅጠል አብላዮችም ይገድላቸዋል፣ ኮዋላውም ተፈውሶ ሆዱ ሞልቶ በረሃብ ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ነው ክትባት ለማግኘት ከአሥር ዓመት በላይ የተለፋው፤ በሴፕቴምበር 2025 አንድ ክትባት ለአገልግሎት ተፈቀደ። ከዚያ በፊት በ2020 የኒው ሳውዝ ዌልስ ፓርላማ አጣሪ ኮሚቴ መንግሥት በአስቸኳይ ካልገባበት ኮዋላ ከ2050 በፊት ከግዛቲቱ ይጠፋል ሲል ጽፎ ነበር። በፌብሩዋሪ 2022 የፌዴራሉ መንግሥት የኩዊንስላንድን፣ የኒው ሳውዝ ዌልስንና የዋና ከተማዋን አካባቢ ኮዋላ «ለመጥፋት የተጋለጠ» ብሎ መዘገበው። አንድ እንስሳ፣ አንድ አገር፤ ሰሜን ላይ ይጠፋል እየተባለ፣ ደቡብ ላይ በዛ እየተባለ።

በኖቬምበር 2014 የቡድን 20 አገሮች መሪዎች ብሪዝበን ላይ ሲሰበሰቡ ኦባማም ፑቲንም በየተራ ኮዋላ አቅፈው ፎቶግራፍ ተነሡ። ከዩክሬኑ ጉዳይ የተነሣ እርስ በርስ ለመጨባበጥ የከበዳቸው ሰዎች ኮዋላ ለማቀፍ አልከበዳቸውም። ኮዋላው ምን እንዳሰበ አይታወቅም፤ ከአንጎሉ መጠን አንጻር ብዙ አላሰበም ብለን እንገምታለን። ፎቶግራፎቹ የተነሡት ከ1927ቱ ቆዳ መመዝገቢያዎች ብዙም በማይርቅ ከተማ እንደሆነ ግን በዚያ ሰሞን ያነበብነው ዜና ሁሉ አላነሣውም።

ሎን ፓይን ዛሬም ክፍት ነው። ጎብኚ ኮዋላ አቅፎ ፎቶ የሚነሣበት ታዋቂ ቦታ ነበር። በጁላይ 2024 ግን ማቀፍ እንዳበቃ አስታወቀ። አሁን የሚቻለው ጠጋ ብሎ ማየት ነው፣ ያውም እንቅልፍ ላይ ካልሆነ።